12 ካሬ ካይት ለደብረ ብርሃን ሜዳ ይሆናል? ምክር ፈልጌ ነው

የበረሳ ልጅ
ኅዳር 14፣ ከምሽቱ 2:15

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ነገሩ እንዲህ ነው። ውጭ የሚኖር የአክስቴ ልጅ ደውሎ «ካይት ላምጣልህ?» አለኝ። ልጅ ሆነን በፌስታልና በመቃ የምንሠራውን አይደለም። ሰው ወገቡ ላይ አስሮት ሰሌዳ ላይ ቆሞ ውሃ ላይ የሚጎተትበትን ትልቁን ማለቴ ነው። ያገለገለ ነው፣ 12 ካሬ ሜትር፣ «ሲ ካይት» የሚሉት ዓይነት። ከጓደኛው በርካሽ አግኝቶታል። ለገና ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ ይከተዋል።

እኔ ደብረ ብርሃን ነኝ። ባሕር የለን፣ ሐይቅ የለን፣ በረሳም ብትሆን ወንዝ ናት። ንፋስ ግን አለን! ሜዳም አለን። ያሰብኩት ትልልቅ ጎማ ባለው ሰሌዳ ከከተማ ወጣ ብዬ ሜዳ ላይ ልለማመድ ነው። አንድ ቀን ደግሞ ላንጋኖ ወርጄ ውሃ ላይ እሞክራለሁ። ክብደቴ 68 ኪሎ። ልምዴ ዜሮ። ዩቲዩብ ላይ ግን ያላየሁት የለም :)

ልቀበለው ወይስ ይቅርብኝ? የመጣ ነገር መመለስ ደግሞ አልወድም።


ጋቢ ለባሽ
ኅዳር 14፣ ከምሽቱ 2:31

ደብረ ብርሃን ላይ ደግሞ ካይት ምን ያደርግልሃል። ጋቢህን ዘርግተህ ሜዳው ላይ ቁም። ያለ ታሪፍ ሸኖ ትደርሳለህ።


መንዜዋ
ኅዳር 14፣ ከምሽቱ 4:02

ሃሃሃ ጋቢ ለባሽ!

የበረሳ ልጅ፣ እንኳን ሳትቀበለው ጠየቅክ። እኔ የመሐል ሜዳ ልጅ ነኝ፤ አሁን የምኖረው ኬፕታውን ነው። እዚህ ብሎበርግ የሚባል የባሕር ዳርቻ አለ። በነሱ በጋ የደቡብ ምሥራቁ ንፋስ ሲነሳ ሰማዩ በካይት ይሞላል። ከሥራ መልስ እየሄድኩ ነው የተማርኩት፣ አራት ዓመት ሆነኝ። አስተማሪ አይደለሁም። የማውቀውን ልንገርህ።

ሲ ካይት ላይ አራቱ ገመዶች በቀጥታ ከካይቱ አራት ጫፎች ጋር ነው የሚታሰሩት። ሰማይ ላይ እንደ ግማሽ ቀለበት ጎብጦ ይቆማል። ጉልበቱ ቀጥተኛ ነው። የበሰሉት ልጆች ባሩን፣ ማለትም ገመዶቹ የታሰሩበትንና ካይቱን የሚመሩበትን ዘንግ፣ ከወገባቸው ፈትተው፣ በእጃቸው ብቻ ይዘው አየር ላይ ሲገለባበጡ እሱን ይመርጣሉ። ችግሩ ምን መሰለህ፣ ንፋሱ ሲበረታ ጉልበቱን ለመቀነስ ያለህ መንገድ ጠባብ ነው። ባሩን ወደ ፊት ገፋ ታደርጋለህ፣ እሱ ግን መጎተቱን ይቀጥላል። ያልተገራ በቅሎ በለው። ልጓሙን ብትለቅለትም ይዞህ ይሄዳል።

የደጋን ካይት ሌላ ነው። ስሙ ራሱ ይናገራል። የኋላ ጠርዙ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነው፣ ቅርጹ ጠፍጠፍ ይላል፣ ከፊት ጠርዙ ላይ ደግሞ ቅርንጫፍ ገመዶች አሉት። ብራይድል ይሏቸዋል። ባሩን ስትገፋ ካይቱ ንፋሱን የሚገጥምበት አንግል ይለወጥና ጉልበቱ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። ውሃ ላይ ቢወድቅም ቶሎ ይነሳል። በሁለቱ መካከል ዴልታና ሃይብሪድ የሚባሉ አሉ። ዛሬ ጀማሪ ሲማርባቸው የምታያቸው አብዛኞቹ ከደጋንና ከነዚህ ወገን ናቸው።

አሁን ዋናው ነገር። አንተ መሬት ላይ ነህ። ታዲያ የሚነፋ ካይት ምን ይሠራልሃል? ያ በፓምፕ የሚሞላው የፊት ቱቦ የተፈጠረው እኮ ካይቱ ውሃ ላይ እንዲንሳፈፍ ነው። ደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ የሚጠብቀው ድንጋይና እሾህ ነው። ለመሬት የሚሆነው ፎይል ካይት ነው። ሁለት ሽፋን ጨርቅ ነው፣ በመካከሉ እንደ ኪስ የተከፋፈለ። ፊቱ ላይ ክፍተቶች አሉት፤ ንፋሱ ራሱ ገብቶ ይሞላዋል። ፓምፕ የለ፣ የሚፈነዳ ነገር የለ። ስትጨርስ አጣጥፈህ ቦርሳ ውስጥ ነው።

ለአንተ ከ2 እስከ 3 ካሬ የሆነ የመለማመጃ ፎይል። ከተቻለ ባለ ሦስት ገመድ። ሦስተኛዋ ገመድ የነፍስ ገመድ ናት። ባሩን ስትለቅ ካይቱ በእሷ ብቻ ተይዞ፣ ጉልበቱ ሞቶ መሬት ላይ ይተኛል።


የበረሳ ልጅ
ኅዳር 14፣ ከምሽቱ 4:20

እሺ እታለም፣ በጣም አመሰግናለሁ። ግን 3 ካሬ? ከ12 ወደ 3? የአልጋ ልብስ እኮ ነው የሚያክለው።


መንዜዋ
ኅዳር 14፣ ከምሽቱ 4:24

የአልጋ ልብስ የሚያክለው ነው ያስለቀሰኝ። ሞክረውና ታያለህ።


ፊዚክስ ቲቸር
ኅዳር 15፣ ከጠዋቱ 3:40

መንዜዋ ያለችው ልክ ነው። አንድ ነገር ግን አላነሳችሁም። ከፍታ።

ካይት የሚጎትትበት ጉልበት በሦስት ነገር ይወሰናል፦ በአየሩ እፍግታ፣ በጨርቁ ስፋትና በንፋሱ ፍጥነት። ፍጥነቱ ደግሞ በራሱ ተባዝቶ ነው የሚገባው። ንፋሱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል ማለት ነው። ይህቺን ያዙልኝ።

ባሕር ወለል ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.225 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ መደበኛው የአየር ሠንጠረዥ የሚሰጠን 0.93 ነው። 76 በመቶ መሆኑ ነው። ስለዚህ ኬፕታውን ላይ 12 ካሬ የሆነው ካይት እዚህ እንደ 9 ካሬ ነው የሚጎትተው። ወይም በሌላ አነጋገር፣ እዚያ በ15 ኖት የምታገኘውን ጉልበት እዚህ ለማግኘት 17 ኖት ያስፈልግሃል። ኖት ማለት በሰዓት 1.85 ኪሎ ሜትር ነው።

ቪዲዮ ላይ የምታዩት የመጠን ሠንጠረዥ ሁሉ ለባሕር ዳር የተሠራ ነው። ማንም ለደጋ ሰው ብሎ አላዘጋጀውም።


ውርጭ
ኅዳር 15፣ ከቀኑ 6:55

ቲቸር፣ ይቅርታ አድርግልኝና ቁጥሩን ትንሽ ላስተካክለው። ያ የአየር ሠንጠረዥ 2,800 ሜትር ላይ አየሩ ከዜሮ በታች 3 ዲግሪ ነው ብሎ ነው የሚነሳው። የኛ ከሰዓት ግን 18 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ሞቃት አየር ደግሞ ይበልጥ ይሳሳል። በ18 ዲግሪ ስታሰላው 0.86 ይመጣል፣ 70 በመቶ። ስለዚህ 12ቱ ካሬ 8 ተኩል እንኳን አይሞላም። የ15 ኖቱን ጉልበት ለማግኘትም 18 ኖት ነው።

በታኅሣሥ ንጋት፣ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ከሆነ፣ ያንተ ቁጥር ይሠራል። በዚያ ብርድ ግን ማን ከብርድ ልብስ ወጥቶ ካይት ያበራል?


ፊዚክስ ቲቸር
ኅዳር 15፣ ከቀኑ 7:10

ተቀብያለሁ። ተማሪዎቼ እንዳያዩት።


የበረሳ ልጅ
ኅዳር 15፣ ከምሽቱ 1:30

እንግዲያው ጥሩ ዜና ነው እኮ! 12ቱ እዚህ ሲመጣ 8 ተኩል ከሆነ፣ ለኔ ክብደት ልክ ሆነ ማለት አይደለም? እዛ ትልቅ የነበረው እዚህ ልኩን አገኘ።


መንዜዋ
ኅዳር 15፣ ከምሽቱ 3:15

ኧረ በማርያም! ፈርቼው የነበረው ይኸው መጣ።

እስቲ ረጋ ብለን እንየው። የካይት ሰዎች የሚጠቀሙባት የግምት ስሌት አለች። ክብደትህን በ2.2 ታባዛለህ፣ ከዚያ በንፋሱ ኖት ታካፍላለህ። ያንተ 68 በ2.2 ወደ 150 ይመጣል። በ15 ኖት ስታካፍለው 10 ካሬ፣ በ20 ኖት 7 ተኩል። በቲቸርና በውርጭ ሒሳብ ከሄድን 12ቱ ካይትህ ደብረ ብርሃን ላይ በ18 ኖት ገደማ «ልክ» ይሆናል። እስከዚህ አልተሳሳትክም።

ግን ይህ ስሌት ውሃ ላይ ላለ፣ መንዳት ለሚችል ሰው ነው። ውሃ ሰሌዳህን ይይዘዋል፣ ያዘገየዋል። ጎማ ግን ይሮጣል። ለዚህ ነው መሬት ላይ ሰው በጣም ባነሰ ካይት የሚሄደው። የሳሳው አየር የቀነሰልህን ጎማው መልሶ ይሰጥሃል።

ሁለተኛ፣ ንፋሱ 18 ኖት ላይ ቆሞ አይጠብቅህም። የኛ አገር ንፋስ እንደ ባሕር ንፋስ የተስተካከለ አይደለም። 10 የነበረው በአንድ ጊዜ 20 ይሆናል። ቲቸር እንዳለው አራት እጥፍ ነው። ከፍታው 30 በመቶ ቀንሶልህ ንፋሱ አራት እጥፍ ቢጨምርብህ ምን ተረፈህ? በዚያ ላይ ካይቱ ሲ ነው፣ ጉልበቱን ማብረድ አትችልም።

ሦስተኛውን ደግሞ ማንም አያስበውም። የሳሳ አየር ሲያነሳህ ብቻ አይደለም የሚሳሳው፣ ሲያወርድህም ነው። ካይት አንስቶህ ስትወርድ የሚያዘገይህ አየሩ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ፈጠን ብለህ ነው የምታርፈው። የሚቀበልህም ውሃ ሳይሆን ድንጋይ ነው።


ሥላሴ ሠፈር
ኅዳር 15፣ ከምሽቱ 3:50

መንዜዋ ያለችው እኔ ላይ ደርሷል። የት እንደሆነ አልናገርም፣ አንድ ሐይቅ ዳር ነው። ያገለገለ ካይት አከራዩኝ። 10 ካሬ ይመስለኛል። አደጋ ሲመጣ ገፍተህ ካይቱን የምትለቅበት ነገር አለ አይደል፣ ባሩ አጠገብ ያለው ቀዩ እጀታ? «ይሄን ግፋ» አሉኝ። ንፋሱ ሲያነሳኝ ገፋሁት። ውስጡ አሸዋ ገብቶበት ንቅንቅ አላለም። ዳር ዳሩን ሠላሳ አርባ እርምጃ በሆዴ ተጎተትኩ። ቁጥቋጦ ያዘልኝ። ዛሬም ሸሚዝ ሳወልቅ ባለቤቴ ትስቃለች።

ያገለገለ የምትቀበል ከሆነ መጀመሪያ ያንን እጀታ ፈትሽ። ካይቱን ሳታነሳ፣ ባሩን መሬት ላይ አድርገህ፣ አሥር ጊዜ ግፋው።


መንዜዋ
ኅዳር 15፣ ከምሽቱ 4:05

እግዚአብሔር አተረፈህ። እንዳልከው ነው፣ መጀመሪያ እሱ ነው የሚታየው።

ከዚያ ጨርቁን ብርሃን ላይ ወጥረህ እየው፣ ቀዳዳ ካለ ይታያል። በጣቶችህ ይዘህ ለቀቅ ጠበቅ አድርገው። ፀሐይ የበላው ጨርቅ እንደ አሮጌ ጃንጥላ ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ይለሰልሳል፣ ሲወጠርም ይቀደዳል። የሚነፋ ከሆነ ነፍተህ ለጥቂት ሰዓት ተወው፣ ከረገበ አንድ ቦታ ያፈስሳል። ገመዶቹን ደግሞ አራቱንም አንድ ምሰሶ ላይ እሰርና ባሩን ሳበው። ባሩ ጠምዘዝ ካለ አንዱ ገመድ ተለጥጧል። እንዲህ ያለ ካይት ሰማይ ላይ ወደ አንድ ጎን እየሸሸ ያስቸግርሃል።


ጎሚስታው
ኅዳር 16፣ ከጠዋቱ 2:20

እኔ መንገድ ዳር ጎማ እጠግናለሁ። የሚነፋ ካይት ውስጥ ከመነዳሪ አለ ነው የምትሉኝ? ከተነፈሰ ወደኔ አምጡታ፣ በእሳት ለጥፌ እሰጣችኋለሁ።


መንዜዋ
ኅዳር 16፣ ከጠዋቱ 4:00

ሃሃሃ ጋሼ፣ እሳቱ ነው የሚያስፈራኝ። የመኪናው ጎማ ነው፣ የካይቱ ግን ስስ ፕላስቲክ ነገር ነው። በዚያ መጭመቂያ ውስጥ ከገባ ቀልጦ ነው የሚወጣው። የራሱ ማጣበቂያ ልጣፍ አለው። ቀዳዳዋን ማግኘት ላይ ግን እርስዎን የሚያህል የለም፣ ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ መፈለግ አንድ ነው። አነፋፉም ከመኪና ጎማ በጣም ያነሰ ነው። ከ6 እስከ 8 ፒ.ኤስ.አይ. ይበቃዋል።


ጎሚስታው
ኅዳር 16፣ ከጠዋቱ 4:12

ለብስክሌት እንኳን ከዚያ በላይ ነው የምነፋው። ይሄ ፊኛ ነው በይኝ።


ደርሶ መልስ
ኅዳር 16፣ ከቀኑ 8:30

ከሸዋ ሮቢት ወደ ላይ የምንመላለስ ሰዎች ይህቺን የአየር ነገር በዓይናችን እናያታለን። ታች የታሸገ የቺፕስ ላስቲክ ጣርማበር ስንደርስ እንደ ከበሮ ይወጠራል። ካይቱን ታች ነፍቶ ቫልቩን ዘግቶ መኪና ላይ ጭኖ የሚወጣ ሰው ካለ ያስብበት።

በነገራችን ላይ ጣርማበር አፋፉ ላይ ለምን አትሞክሩትም? ንፋስ ከሆነ የምትፈልጉት እሱ ጋ ነው ያለው።


መንዜዋ
ኅዳር 16፣ ከምሽቱ 2:00

አይሆንም። አይሆንም። አይሆንም።

ከይፋት በኩል የሚመጣው ንፋስ ገደሉን ሲገጥም ወደ ላይ ነው የሚወጣው። አፋፍ ላይ ቆመህ ካይት ብታነሳ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ሰማይ ነው የሚስብህ። ከአፋፉ ወደ ውስጥ ስትል ደግሞ ያው አየር ይገለበጥና ከላይ ወደ ታች ይጫንሃል። ፓራግላይደር፣ ያንን በጨርቅ ክንፍ ከገደል ተነስተው የሚበሩበትን፣ የሚያውቅ ሰው ለዚህ ዓይነት ቦታ ሕግ አለው። ካይት ያሰረ ሰው ግን ምንም የሚያደርገው ነገር የለም። ንስሮቹና ጭላዳዎቹ ይጫወቱበት።

ጓሳንም አደራ። ሜዳው ያምራል፣ አውቃለሁ፣ ያደግኩበት አገር ነው። ግን የቀይ ቀበሮ ቤት ነው። ሕዝቡ ስንት ዘመን ጠብቆ ያቆየው ሣር ላይ ጎማ አይነዳም።


ላይዳ
ኅዳር 17፣ ከጠዋቱ 1:45

እኔ ካይት የሚባለውን በአካል አይቼ አላውቅም። ንፋስ ግን አውቃለሁ፣ ልጅነቴን አውድማ ላይ ነው የጨረስኩት።

አባቴ ምርት ከማንፈሱ በፊት አንድ እፍኝ ገለባ ወደ ላይ በትኖ ያይ ነበር። ገለባው ተያይዞ ወደ አንድ አቅጣጫ ከሄደ «በሉ ላይዳ አንሱ» ይለናል። ዞሮ ፊታችን ላይ ከተመለሰ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ግማሽ ቀን ሊቀመጥ ይችላል። እኛ ልጆቹ ስንቁነጠነጥ «ንፋስን አይቸኩሉትም» ይለን ነበር።

ሁለት ነገር ከሱ የተማርኩትን ልንገርህ። ረፋድ ላይ ፀሐይ መሬቱን ማሞቅ ስትጀምር ንፋሱ እብድ ነው። ከዚህም ከዚያም ይነሳል፣ የአቧራ አዙሪት ይፈጥራል። ያ አዙሪት የገብስ ነዶ ሲያነሳ አይቻለሁ። የተረጋጋው ንፋስ ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው። ሁለተኛ፣ አውድማ ባሕር ዛፍ ጥግ አይሠራም። ከዛፉ ኋላ ያለ ንፋስ ይንቦጫረቃል፣ ፍሬውንና ገለባውን መልሶ ይደባልቀዋል።

ደግሞ ሜዳው ባዶ ይመስላል እንጂ ባለቤት አለው። የግጦሽ መሬት ከሆነ ሽማግሌዎቹን ቀድመህ አናግር። ፈረስና በቅሎ በአጠገቡ ካሉ አታንሳው። ጋቢ ለባሽ የፈራው ነገር በፈረስ ላይ ይደርሳል።


ፊዚክስ ቲቸር
ኅዳር 17፣ ከጠዋቱ 3:00

ወንድም ላይዳ፣ አባትህ የሚሉት ነገር መጽሐፍ ላይ ያለ ነው። ዛፍም ሆነ ቤት ከኋላው ንፋሱን ያውካል። ረብሻው የዛፉን ቁመት ሰባት፣ አንዳንዴ አሥር እጥፍ ያህል ርቆ ይሄዳል። 15 ሜትር ባሕር ዛፍ ካለ ከሱ ኋላ 150 ሜትር መራቅ ነው። እዚህ ደግሞ ባሕር ዛፍ የሌለበት አቅጣጫ ፈልገህ አታገኝም። ከኤሌክትሪክ መስመርማ ስለ ርቀት መነጋገርም አያስፈልግ፤ በሚታይበት ቦታ ካይት አይነሳም።


መንዜዋ
ኅዳር 17፣ ከቀኑ 6:10

የላይዳን መልስ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ብሎበርግ ላይ አስተማሪው አሸዋ ዘግኖ ሲበትን አይቼ ገርሞኝ ነበር። አውድማ ላይ ያደገ ሰው መቼ ይገርመዋል።

የአቧራ አዙሪቱን ነገር በቀይ አስምርበት የበረሳ ልጅ። አዙሪት ከሩቅ ካየህ ካይቱን ወዲያው አውርድ። ስንቱን የቆየ ሰው ያነሳው እሱ ነው።


ቁም ነገር
ኅዳር 17፣ ከምሽቱ 1:00

ይቅርታ ግን፣ የፈረንጅ ጨዋታ ላይ ይህን ያህል ጊዜ? ሀብታም ሆኖ ቦዝኖ የተቀመጠ የፈጠረው ነገር ነው።


ፊዚክስ ቲቸር
ኅዳር 17፣ ከምሽቱ 1:40

ቦዝኖ እንኳን አልተፈጠረም። የሚነፋውን ካይት የሠሩት ብሩኖና ዶሚኒክ ሌጋኙ የሚባሉ ፈረንሳውያን ወንድማማቾች ናቸው። የብሪታኒ ጠረፍ ልጆች፣ ጀልባ ላይ ያደጉ። ችግራቸው አንድ ነበር፦ ካይት ውሃ ላይ ሲወድቅ ይሰምጥና ያበቃል። የፊት ጠርዙን በአየር ብንሞላውስ አሉ። የፈጠራ መብቱን በ1984 እ.ኤ.አ. አስመዘገቡ። ገበያው እሺ ያላቸው ግን ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በ1997 ነው ዊፒካ በሚል ስም መሸጥ የጀመረው። የደጋን ካይትም ቢሆን የብሩኖ ሥራ ነው።

አሁን የኦሊምፒክ ስፖርት ሆኗል። በ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ውድድሩ ማርሴይ ላይ ነበር። ወንዶቹን የኦስትሪያው ቫለንቲን ቦንቱስ፣ ሴቶቹን የእንግሊዟ ኤሊ አልድሪጅ አሸነፉ። የሚገርመው ግን የተወዳደሩት በሚነፋው ሳይሆን በፎይል ካይት ነው። ረጅምና ቀጭን ክንፍ ያለው ዓይነት። ክንፉ ሲረዝምና ሲቀጥን ፍጥነት ይጨምራል፣ ወደ ንፋሱ አቅጣጫ ጠጋ ብሎ መሄድም ይችላል። አጠር ሰፋ ያለው ደግሞ ቶሎ ይዞራል፣ ስህተትን ይታገሣል። ለጀማሪ ሁለተኛው ነው።


ጋቢ ለባሽ
ኅዳር 17፣ ከምሽቱ 1:52

አጠር ሰፋ ያለው ስህተትን ይታገሣል። ይህን ለባለቤቴ ላነብላት ነው።


የበረሳ ልጅ
ኅዳር 18፣ ከጠዋቱ 2:30

እሺ ተሸነፍኩ። ለአክስቴ ልጅ ደውዬ 12ቱን ተው፣ 3 ካሬ ፎይል ባለ ሦስት ገመድ ፈልግልኝ አልኩት። መጀመሪያ «በነጻ ስሰጥህ» ብሎ ተቆጣ። የሥላሴ ሠፈርን ታሪክ ሳነብለት ዝም አለ። ለካ እሱም 12ቱን አንድ ቀን ሊሞክረው ሞክሮ ጓደኛው ነው ቀበቶውን ይዞ ያስቀረው። ያንን መጀመሪያ ሳይነግረኝ!

አንድ የቀረችኝ ጥያቄ። የንፋስ መለኪያ የለኝም። በምን ልወቅ?


ውርጭ
ኅዳር 18፣ ከጠዋቱ 4:15

በዓይንህ። አቧራና ወረቀት ከመሬት ሲነሳ፣ የባሕር ዛፉ ትንንሽ ቅርንጫፎች ሲንቀሳቀሱ ከ11 እስከ 16 ኖት ነው። ለ3 ካሬህ የሚበቃህ እዚያ ነው። ለጋ ዛፎች ከነግንዳቸው መወዛወዝ ሲጀምሩ ከ17 በላይ ሆኗል፣ ለጀማሪ ቤት መግቢያ ሰዓት ነው። ትልልቁ ቅርንጫፍ ሲንቀሳቀስና ጃንጥላ መያዝ ሲያቅት ካይቱን ከቦርሳ አታውጣው።


የበረሳ ልጅ
ጥር 14፣ ከምሽቱ 1:10

ይህን ውይይት የቀሰቀስኩት ሪፖርት ላቀርብ ነው። ካይቱ ለገና መጣ። ጥምቀት እስኪያልፍ ቆየሁ፣ ትናንት ከሰዓት ሜዳ ወጣሁ። ሽማግሌዎቹን አናግሬአለሁ። አንደኛው «ሰው ይዞ ይሄዳል?» አሉኝ። አይሄድም አባቴ አልኳቸው። «እንግዲያው ምን ያደርጋል?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

የመጀመሪያውን ግማሽ ሰዓት ገመድ ስፈታ ነው ያለፈው። ሦስት ገመድ እንዲህ የሚጠላለፍ ከሆነ አራቱ እንዴት ሊሆን ነው። ከዚያ ተነሣ። አናቴ ላይ ሲቆም ምንም አይጎትትም፣ እንደ ጭልፊት ዝም ብሎ ይቆማል። ይኸው ቀላል ነው ብዬ ቀጥታ ከፊቴ ወደ ታች አወረድኩት። መንዜዋ፣ የአልጋ ልብሱን ይቅር በይኝ። ከመሬት ነቅሎ አምስት እርምጃ ወስዶ በጉልበቴ ተከለኝ። ባሩን ለቀቅኩት፣ እንዳልሽው ሞቶ ተኛ። እረኞቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ከዚያ በኋላ ዳር ዳሩን የ8 ቁጥር እየሠራሁ አንድ ሰዓት ያህል አበረርኩት። መሐል ላይ ሲያልፍ ይጎትታል፣ ዳር ሲደርስ ይለቃል። ሰሌዳውን ገና አልነካሁትም። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ለጋዎቹ ባሕር ዛፎች መወዛወዝ ሲጀምሩ ጠቀለልኩት። ዛሬ ክንዴን ማንሳት አቅቶኝ ሻይ በግራ እጄ ነው የጠጣሁት።


መንዜዋ
ጥር 14፣ ከምሽቱ 2:40

በጉልበት መተከል የሁላችንም ጥምቀት ነው። እንኳን ደስ አለህ! ሰሌዳውን ገና አትንካው። ካይቱን ሳታየው፣ ከጎንህ ካለ ሰው ጋር እያወራህ ማብረር ስትችል ያኔ ነው። ለላንጋኖ ግን ይህ አይበቃህም። ውሃ ለብቻው ትምህርት አለው፣ ያለ አስተማሪ አትግባ።


ውርጭ
ጥር 14፣ ከምሽቱ 2:55

ላንጋኖ ስትወርድ ሒሳቡን እንደገና ሥራ። እዚያ 1,580 ሜትር አካባቢ ነው፣ አየሩ የባሕር ወለሉን 80 በመቶ ገደማ ይሆናል። ከደብረ ብርሃን ይበልጥ ይጎትትሃል። እዚህ የለመድከውን ንፋስ እዚያ አትመነው።


ጋቢ ለባሽ
ጥር 14፣ ከምሽቱ 3:05

12ቱ ካሬ ታዲያ ምን ሆነ? ጨርቁ ለሁለት ሰው ጃኬት ይወጣዋል።


የበረሳ ልጅ
ጥር 14፣ ከምሽቱ 3:11

የአክስቴ ልጅ ለጓደኛው መልሶለታል። ጓደኛውም ደስ አላለውም።


ላይዳ
ጥር 15፣ ከጠዋቱ 1:20

ሜዳው በየት በኩል ነው? ቅዳሜ ከተማ እመጣለሁ፣ ይህን ነገር በዓይኔ ልየው። ገለባውን እኔ ይዤ እመጣለሁ።


የበረሳ ልጅ
ጥር 15፣ ከጠዋቱ 1:34

ና በናትህ። ቦታውን በውስጥ መስመር ልኬልሃለሁ። ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ንፋሱ ከተስማማ። በቅሎ ይዘህ እንዳትመጣ ብቻ።